ማገዶውን እዚያው ግዙ፣ እዚያው አንድዱ

ዛፍ ገዳይ ጥንዚዛዎችን ስለመከታተል፣ አሜሪካ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን የቀረበ ማሳሰቢያ

በ1996 ብሩክሊን ውስጥ፣ ግሪንፖይንት በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ነዋሪ በመንገድ ዳር ሜፕል ዛፎች ግንድ ላይ ክብ ክብ ቀዳዳዎች አየ። መሰርሰሪያ ይዞ ዛፍ የሚበሳ ዱርዬ የመጣ መስሎት ነበር። ሲጣራ በሺው ከእስያ በዕቃ ማሸጊያ እንጨት ውስጥ ተደብቆ የገባ ጥንዚዛ ሆኖ ተገኘ። በ2008 በማሳቹሴትስ፣ ዉስተር ከተማ ያንኑ ጥንዚዛ አይቶ ያሳወቀውም ተራ የሰፈር ነዋሪ ነው። ባለሙያዎች መጥተው ሲመረምሩ፣ ተባዩ 10 ዓመት ያህል ማንም ልብ ሳይለው ሲራባ እንደኖረ ተረዱ። ከ30,000 በላይ ዛፍ ተቆረጠ። በ2022 ደግሞ ኦሪገን ውስጥ፣ ፎረስት ግሮቭ በምትባል ከተማ፣ ልጆቹን ሊወስድ ትምህርት ቤት ደጃፍ የቆመ ሰው አናታቸው የደረቀ ዛፎች አየና ጠጋ ብሎ ግንዳቸውን ተመለከተ። ሰውየው በሙያው የመጤ ዝርያዎች ባለሙያ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ልጆቹን የሚጠብቅ አባት ነበር።

መንግሥት ለእያንዳንዱ ዛፍ ጠባቂ ማቆም አይችልም። የከተማው ዛፍ ብዙው ያለው በግለሰብ ግቢ፣ በአፓርትመንት ጓሮ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አጥር ውስጥ ነው። እኛ ደግሞ ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒሶታ፣ በዴንቨር፣ በዳላስ፣ በአትላንታ የግቢ ባለቤቶች ሆነናል። ስለዚህ ጉዳዩ ይመለከተናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱን ለዩ

አንደኛው አረንጓዴ ነው። ስልክ ስትደውሉ ኤመራልድ አሽ ቦረር ብላችሁ ጥሩት። እንደ ብረት የሚያብረቀርቅ፣ ርዝመቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ቀጭን ጥንዚዛ ነው። አገሩ ሰሜን ምሥራቅ እስያ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ2002 ዲትሮይት አካባቢ ሲሆን፣ የገባው ግን ቀደም ብሎ በ1990ዎቹ ነው። የሚያጠቃው አሽ የሚባለውን ዛፍ ነው። ጥንዚዛው ራሱ ቅጠል ከመቀማመስ ያለፈ ጉዳት አያደርስም። ገዳዩ ገና ያላደገው እጭ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ፣ ዛፉ ምግቡን የሚያመላልስበትን ስስ ሽፋን እየተጠማዘዘ ይበላል። ግንዱን ዙሪያውን ሲያዳርሰው ዛፉ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ዓመት ውስጥ ይሞታል። አድጎ ሲወጣ የሚተወው ቀዳዳ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብ ሳይሆን አንድ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ የእንግሊዝኛውን ዲ የመሰለ ነው።

ሁለተኛው ግሪንፖይንትና ዉስተር የተገኘው ነው። ኤዢያን ሎንግሆርንድ ቢትል ይሉታል። ጥቁር፣ የሚያንጸባርቅ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ሲሆን ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ የወረደበት አንቴናው ከገላው ይረዝማል። ቀዳዳው ፍጹም ክብ ነው፤ እርሳስ ያስገባል። ይኼኛው አይመርጥም፤ ሜፕል፣ ኤልም፣ በርች፣ ዊሎው ሁሉም ምግቡ ናቸው።

መለየቱ የሚጠቅመው የሚወሰደው እርምጃ ስለማይመሳሰል ነው። ባለ ነጠብጣቡን ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል፤ ተችሏልም። ቺካጎ በ2008፣ ብሩክሊንና ኩዊንስ በ2019 ነጻ ተብለዋል። የተያዘውን ዛፍ የሚያድን መድኃኒት ስለሌለ ተቆርጦ ይፈጫል፤ ወጪውንም የማጥፋት ዘመቻውን የሚመራው መንግሥት ይሸፍናል። አረንጓዴው ግን አምልጧል። የፌዴራል መንግሥት እንጨት እንዳይዘዋወር ጥሎት የነበረውን እገዳ በጃንዋሪ 2021 አንስቷል። አሁን ጥረቱ ግስጋሴውን ማዘግየትና የሚድኑትን ዛፎች ማዳን ነው። እናም አረንጓዴው እናንተ ግቢ ሲገባ ውሳኔውም ወጪውም አብዛኛውን ጊዜ የባለቤቱ ነው። መራራ ቢሆንም ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

አሽ ዛፍ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትደንግጡ

ጥድ የሚመስል ነገር ከደረቀባችሁ ጥፋተኛው አረንጓዴው ጥንዚዛ አይደለም። አሽን የምታውቁት እንዲህ ነው። ቅርንጫፎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ እንጂ ወዲያና ወዲህ አይፈራረቁም። በአንድ ዘንግ ላይ ከ5 እስከ 11 ትንንሽ ቅጠሎች ይደረደራሉ። ያረጀው ግንድ ቅርፊቱ ላይ ስንጥቆቹ ተያይዘው የአልማዝ ቅርጽ ይሠራሉ። ሚኒሶታ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ፤ ግዛታችሁ አንድ ቢሊዮን የሚጠጋ አሽ ዛፍ ያለባት ናት፤ በአገሪቱ የሚወዳደራት የለም።

ክረምቱን ለግንደ ቆርቁር፣ ኦገስትን ለራሳችሁ

አረንጓዴውን ጥንዚዛ ከሰው ቀድሞ የሚያገኘው ግንደ ቆርቁር ነው። ቅጠሉ ረግፎ በረዶ ሲወርድ፣ ወፉ እጩን ፍለጋ የላይኛውን ቅርፊት እየላጠ ይጥለዋል። ከግራጫው ግንድ መሃል ነጣ ያለ፣ የተላጠ ገላ ብቅ ይላል። ከታች በረዶው ላይ የቅርፊት ፍርፋሪ ታያላችሁ። ይህን ያየ ሰው ቀዳዳ እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም፤ የመጀመሪያዎቹ ቀዳዳዎች ያሉት ከፍ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ከመሬት አይታዩም። ዓይን ደረጃ ላይ ቀዳዳ ካያችሁ ለዛፉ ብዙ ዘግይቷል። በበጋ ደግሞ አናቱ እየሳሳ፣ ከግንዱ ሥር አዲስ ቀንበጥ እየፈላ ከሆነ ጠርጥሩ።

ባለ ነጠብጣቡ በብዛት የሚታየው በኦገስት ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤትም ወሩን ዛፍ መመርመሪያ ብሎ ሰይሞታል። ቡሄ የሚውለውም በዚሁ ወር ነውና፣ ልጆቹ ሆያ ሆዬ ሊጨፍሩ ሲወጡ እግረ መንገዳቸውን የግቢውን ሜፕል ቀና ብለው ይዩ። የመዋኛ ገንዳ ያላችሁ ማጣሪያውን ስታጸዱ የተያዘውን ነፍሳት ሳታዩ አትድፉ፤ ይህ ጥንዚዛ ገንዳ ውስጥ መውደቅ ያበዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ሊያሳድጉ ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባት ካሏችሁ፣ ከእናንተ የተሻለ ዓይን ያላቸው እነሱ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእርሻና ከተክል ጋር የኖሩ ሰዎች፣ የታመመን ዛፍ ከመንገድ ማዶ ይለዩታል። "ይኼ ዛፍ ምን ነካው?" ሲሉ "ተዉት አባባ፣ የሰው ነው" ብላችሁ አትለፏቸው። ስልኩን እናንተ ደውሉላቸው።

ማገዶ ይዛችሁ አትጓዙ

ከዚህ ሁሉ ማሳሰቢያ አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። አረንጓዴው ጥንዚዛ በራሱ ክንፍ በዓመት የሚሄደው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። በ2013 ቦልደር፣ ኮሎራዶ ሲገኝ ያን ሁሉ ሜዳ አቋርጦ የደረሰው በርሮ አይደለም፤ ሰው ጭኖት ነው። በ2003 ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የገባው ደግሞ ከሚሺጋን ከተላከ ችግኝ ጋር ነበር። ተባዩን የምናጓጉዘው እኛው ነን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ተነስታችሁ ለሌበር ደይ ወደ ተራራው ስትወጡ፣ ጓሮ የተከመረውን እንጨት ከፍሪጁና ከድስቱ ጋር መኪና ላይ አትጫኑ። ሸናንዶዋን ጨምሮ ብዙ ፓርኮች ከውጭ የመጣ፣ በሙቀት ያልታከመ ማገዶ አያስገቡም። ከምታነዱበት ቦታ 10 ማይል ውስጥ የተገኘ እንጨት ጥሩ ነው፤ 50 ማይል በጣም ሩቅ ነው።

"ኧረ ደርቋል" የሚል መልስ አይሠራም። ከተቆረጠ እስከ 2 ዓመት የሆነው የአሽ ግንድ ውስጥ ያለ እጭ አድጎ ሊወጣ ይችላል። በሙቀት መታከሙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈበትን መግዛት ይቻላል። ከሰል ችግር የለበትም፤ ለቡናውም ለጥብሱም ይዛችሁ ሂዱ።

የተረፈውን ደግሞ "ይባክናል" ብላችሁ ወደ ቤት አትመልሱ። እዚያው አንድዳችሁ ጨርሱት።

ለደመራ ኮሚቴዎች

በየዓመቱ በሴፕቴምበር መጨረሻ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ ደመራ ይቆማል። እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይኖርም። አንዱ ምእመን ከእርሻው፣ አንዱ ከሥራ ቦታው፣ አንዱ ደግሞ ሦስት ካውንቲ ተሻግሮ ከሚያውቀው ዛፍ ቆራጭ በፒክአፕ ያመጣል፤ በነጻ ስለሆነም ሁሉም ይመርቀዋል። በዚህ ወር እጩ ቅርፊት ሥር ተኝቷል።

ኮሚቴው እንጨቱን ከዚያው ከተማ፣ ቢቻል ከዚያው ሰፈር ይፈልግ። ከሩቅ የሚያመጣ ሲኖር ምስጋናውን ተቀብሎ እንጨቱን ይመልስ። ለሳምንታት ቀድሞ ግቢ ውስጥ መከመርም አያስፈልግም፤ በዋዜማው ይምጣ። ሳይነድ የቀረ ጉቶና ቅርንጫፍ በማግሥቱ እዚያው ይቃጠል እንጂ ለካምፕ እሳት ተብሎ ለማንም አይታደል። ነድዶ ያለቀው ምንም አይልም፤ አመዱን ግንባራችሁን ተቀቡ።

ወይን ጠጁን ሣጥን አታውርዱ

ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ ሦስት ጎን ያለው፣ የሚያጣብቅ ወይን ጠጅ ሣጥን ካያችሁ ነፋስ የወሰደው ካይት አይደለም፤ ወጥመድ ነው። ጥንዚዛው በቀለሙና በጠረኑ ተስቦ እንዲጣበቅበት ባለሙያዎች የሰቀሉት ነው። ከወደቀ መልሳችሁ አትስቀሉ፤ ላዩ ላይ በተጻፈው ስልክ ደውላችሁ ንገሩ።

የቤዝቦል ሜዳ ተርቦችንም አትመርዙ

ይህ ለወላጆች ነው። ልጆቻችሁ ቤዝቦል በሚጫወቱበት ሜዳ አሸዋማ አፈር ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር አንድ የአገሩ ተርብ አለ። ሰርሰሪስ ፉሚፔኒስ ይባላል። ሰው መንደፍ ሥራው አይደለም። የሚያድነው የሚያብረቀርቁ ጥንዚዛዎችን ነው፤ ይዞ ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ በጎ ፈቃደኞች መረብ ይዘው ያደነውን ይመረምራሉ። በ2012 ኮኔቲከት ውስጥ አረንጓዴው ጥንዚዛ መጀመሪያ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ባለሙያዎች በወጥመድ የሚፈልጉትን ይህ ተርብ ከዛፍ አናት ለቅሞ ያመጣላቸዋል። ሚኒሶታም ለተርብ ጠባቂነት በጎ ፈቃደኞችን መዝግባለች፤ ጨዋታው የማይማርካችሁ ወላጆች ካላችሁ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላገኝላችሁም።

ስትደውሉ

በዋሽንግተን፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዴንቨር 311 ይሠራል። ሌላ ቦታ ያላችሁ የካውንቲውን ኤክስቴንሽን ቢሮ ወይም የስቴቱን ግብርና መሥሪያ ቤት ፈልጉ። ፎቶ አንሱ፤ ቀዳዳው አጠገብ ሳንቲም አድርጉ፣ መጠኑ እንዲታይ። አድራሻውን ወይም የቅርቡን መስቀለኛ መንገድ ጻፉ። ነፍሳቱን ከያዛችሁት ክዳን ባለው ብልቃጥ ከታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። በሕይወት ይዛችሁ ለጓደኛ ለማሳየት ሌላ ሰፈር አትሂዱ፤ ባለ ነጠብጣቡ ሰው አይጎዳም፣ ብልቃጡ የተከፈተበት ሰፈር ግን ይጎዳል።

"ተከራይ ነኝ፣ ምን አገባኝ" አትበሉ። "ቤቴን ያስከፍለኛል" ብላችሁም ዝም አትበሉ፤ ዝምታው የባሰ ያስከፍላል። ከባለሥልጣን ጋር መነጋገር የሚያስፈራው ብዙ ሰው መካከላችን አለ፤ የሚጠየቀው ግን ስለ ዛፉ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ አማርኛም ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። "አማርኛ" ማለት ይበቃል።

ተሳስታችሁ ሌላ ጥንዚዛ ብታሳዩአቸው ምንም አይደለም። ከጥቆማዎቹ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ባለሙያዎቹ ለዚሁ ነው የተቀመጡት።

ለዛፍ ቆራጭ ቶሎ እጅ አትስጡ

በር አንኳኩቶ "ዛፍዎ ታሟል፣ ዛሬ ከፈረሙ ቅናሽ አለ" የሚል ሰው ሲመጣ አትፈርሙ። ቤት የሚውሉ እናቶችና አባቶችም እንዳይፈርሙ ንገሯቸው። ኢንሹራንሱንና ፈቃዱን ጠይቁ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ዛፍ ለመቁረጥ የስቴት ፈቃድ ያስፈልጋል። አናቱ ከሲሶ በላይ ያልደረቀ አሽ ኢማሜክቲን ቤንዞኤት በሚባል መድኃኒት በግንዱ ተወግቶ ሊድን ይችላል፤ አንዱ መርፌ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይሠራል። ትልቅ፣ ጥላው ቤቱን የሚያቀዘቅዝ ዛፍ ከሆነ ከመቁረጥ ይልቅ መርፌው ሊረክስ ይችላል፤ ሁለቱንም ዋጋ አስልታችሁ ወስኑ። በገዛ እጃችሁ ግንድ አትብሱ፣ ከሱቅ የገዛችሁትን መርዝም አትርጩ።

የሞተውን ደግሞ አታቆዩት። አሽ ከሞተ በኋላ በፍጥነት ተሰባሪ ይሆናል፤ ባለሙያ ቆራጮች እንኳ ሊወጡበት ይፈራሉ። ሥሩ መኪና አታቁሙ፤ የልጆችን ዥዋዥዌ ቶሎ አውርዱ። ለአደጋ የማያሰጋ ከሆነ ጥንዚዛው ከሚበርበት ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ካለው ጊዜ ውጭ ቢቆረጥ ይመረጣል።

ወደ አገር ቤት ስትልኩ፣ ከአገር ቤት ስታመጡ

በኮንቴይነር መኪና ወይም የቤት ዕቃ በጅቡቲ በኩል የምትልኩ፣ ዕቃው የሚደገፍበትን እንጨትና ፓሌት እዩ። የስንዴ ዛላ የሚመስል ምልክትና ኤችቲ የሚል ማኅተም ሊኖረው ይገባል። ያ ማኅተም እንጨቱ እስከ ውስጡ በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ መሞቁን ይናገራል። ብሩክሊንን ያስለቀሰው እንጨት ይህ ሕግ ከመውጣቱ በፊት የገባ ነው። ቅርፊት የለበሰ፣ ማኅተም የሌለው እንጨት ከቀረበላችሁ አስቀይሩ።

ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አይደለም። ከአውስትራሊያ የተነሳች፣ በ2000 መካከለኛው ምሥራቅ ላይ የታየች ትንሽ ተርብ ኢትዮጵያ ገብታ፣ ቀይ ባህር ዛፍ ቅጠል ላይ እባጭ እያወጣች ችግኝ ታቀጭጫለች። ሌላም አለ። ተመራማሪዎች የተቆረጠ የወይራ ግንድ ላይ የአረንጓዴውን ጥንዚዛ እጭ አሳድገው፣ አድጎ ጥንዚዛ ሆኗል። ሙከራው የተደረገው ፍሬው በሚበላው ወይራ ላይ ቢሆንም፣ የእኛ አገር ወይራ የዚያው ዝርያ ዘመድ ነው። ከላሊበላ እስከ መናገሻ ያለ ወይራ ይህን ተባይ ባያውቀው ይሻላል።

ከአገር ቤት ስትመጡም ማጠኛ ወይራ፣ መፋቂያ፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ የእንጨት ዕቃ ካላችሁ ጉምሩክ ላይ ተናገሩ። በርበሬው ከረጢት ሥር አትደብቁ። ያሳወቀ ቢበዛ ዕቃው ይወሰድበታል፤ የደበቀ ይቀጣል።

ስትተክሉ

አሽ አትትከሉ። የዚህ አገር ከተሞች ከዚህ በፊትም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል፦ ከ1930 ጀምሮ የኤልም በሽታ ጎዳናዎቻቸውን ሲያራቁት፣ ብዙዎቹ በቦታው እንደ ፋሽን አሽ ተከሉ። አሁን እሱም እየሄደ ነው። በ1990 የተቀመረ አንድ መለኪያ አለ፤ በአንድ ከተማ ካለው ዛፍ ከአንድ ዝርያ ከ10 በመቶ በላይ አይኑር ይላል። ዋሽንግተን ውስጥ ቤታችሁ ፊት ለፊት ባለው የመንገድ ዳር ባዶ ቦታ ላይ ዛፍ እንዲተከል በ311 በነጻ መጠየቅ ይቻላል። ከመደወላችሁ በፊት ግን ግራ ቀኝ ተመልከቱ፤ ጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ሜፕል ካላቸው እናንተ ሌላ ጠይቁ።